የግምት ቀን ኮት

አንዲት ሴት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት።

ባሕር አልከፈለችም፣ ሙት አላስነሣችም። ግብሯን ነው የከፈለችው። ምነው ፊታችሁ ተለወጠ? ገና ግብር ስል አንዳንዶቻችሁ ወደ በሩ አያችሁ። ተረጋጉ ወገኖቼ፣ ማንም አይመጣባችሁም። እኔ ስለ አንዲት ሴት ነው የማወራው፤ ሳወራም እየኮራሁ ነው።

ስሟ ብዙነሽ ኦርካይዶ ነው። ከቦዲቲ አካባቢ መጥታ ስድስት ዓመት ልብስ ፋብሪካ ሠርታለች። ምን ትሠራ ነበር? የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። እጅጌው የሌላ ሰው ነው። ቁልፉ የሌላ ሰው ነው። የሷ ኮሌታው ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሙሉ ሸሚዝ ከእጇ አልወጣም።

ወር ሲሞላ ወረቀት ይሰጧታል። ወረቀቱ ላይ "ግብር" የሚል መስመር አለ፣ ከጎኑ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ተቀንሷል። መቼ ተቀነሰ? ማን ቀነሰው? ብሩን ዓይኗ ሳያየው ሄዷል። ሰው "ግብር ትከፍያለሽ ወይ?" ቢላት "ኧረ ይቆርጡብኛል" ነው የምትለው። ከፈልኩ ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን "በቃኝ፣ የራሴን ልክፈት" አለች። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ብዙ ሰው ይልና በማግስቱ ሱቅ ይከራያል፤ በስድስተኛው ወር የስፌት መኪናውን ሽጦ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ብዙነሽ ግን እሑድ ከአምልኮ እንደወጣች ቤቷ ገባች፣ ደብተር አወጣች፣ እስክሪብቶ ያዘች።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። ሐዋሳ ላይ አንድ ሰው ለመኖር በወር ስንት ያስፈልገዋል? "እግዚአብሔር ያውቃል" አትበሉኝ። እሱማ ያውቃል። አንተ ታውቃለህ ወይ ነው ጥያቄው።

ብዙነሽ ጻፈች። የቤት ኪራይ ጻፈች። የሱቅ ኪራይ ጻፈች። ጤፉን፣ ዘይቱን፣ ከሰሉን፣ ሳሙናውን ጻፈች። ባጃጁን ጻፈች፣ ለዚያውም ዝናብ ሲጥል የሚጨምሩትን ሳይቀር። እድሯን ጻፈች። አሥራቷን ጻፈች። አትሳቁ፣ ቅድም ግብር ስል ያልሳቀ ሰው አሥራት ስል አይሳቅም።

አንድ መስመር ባዶ ቀረባት። ግብር። ስንት እንደሆነ ከየት ታውቃለች? በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አስልታው አታውቅም። ስለዚህ ግብር ቢሮ ሄዳ ጠየቀች። ቢሮው ያለ ጸሐፊ ደህና ሰው ነበር፤ አስቀምጦ አስረዳት። "አንቺ አነስተኛ ነጋዴ ስለሆንሽ በግምት ነው" አላት። "ገማቾች ሱቅሽ ይመጣሉ። በቀን ስንት እንደምትሸጪ ይገምታሉ። እሱ በዓመቱ የሥራ ቀን ይባዛል፣ ወጪሽ ይታሰብልሻል፣ በቀረው ላይ ግብሩ ይሰላል። ስትከፍዪም በእጅሽ ነው፤ ሐምሌ ላይ መጥተሽ።"

በእጅሽ ነው። ይህ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። እየተደሰተች ወደ ቤቷ ሄደች።

ሱቋን ከፈተች። በሁለት የስፌት መኪና ጀመረች፤ ዓመቱ ሳይሞላ አራት ሆኑ። ሁለት የፋብሪካ ጓደኞቿን ዘርፌንና ዳመነችን ቀጠረች። ሦስቱ ሴቶች በሦስት መኪና ይሰፋሉ፣ አራተኛው ጠርዝ የሚዘመዝመው ነው። አሁን ሙሉ ሸሚዝ ይሰፋሉ፣ ሙሉ ቀሚስ ይሰፋሉ። ሥራው ሄደላት።

ከዚያ የግምት ቀን መጣ።

አሁን የግምት ቀንን የማያውቅ ሰው እዚህ ካለ ልንገረው። ገማቾቹ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ስልክ ይደወላል። "እንግዶች መጡ" ይባላል፤ ሌላ ቃል የለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ይደኸያል። መደርደሪያው ይራገፋል። ሣጥኑ ወደ ጓዳ ይገባል። ግማሽ በር ይዘጋል። ጠዋት ሲስቅ የነበረ ሰው አሞት ቁጭ ይላል።

ከብዙነሽ አጠገብ ጫማ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሽ ዳንጊሶ ይባላሉ። የመንገዱ ሁሉ መካሪ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ለሰው ይደርሳሉ። ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ኮት አላቸው። ክርኑ የተቀደደ፣ ኪሱ የተንጠለጠለ፣ ገበሩ የወጣ ኮት። በሌላ ቀን አይለብሱትም። ጓዳቸው ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አቧራ እንዳይነካው። የግምት ቀን ብቻ ይወጣል። መንገዱ በሙሉ ያውቀዋል። "የግምት ኮት" ነው ስሙ።

የተቀደደ ኮት በላስቲክ የሚሸፍን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሩቅ አገር አይደለም።

ጋሽ ዳንጊሶ ያን ቀን ኮታቸውን እየለበሱ ወደ ብዙነሽ ሱቅ ብቅ አሉ። "ብዙዬ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ? መኪኖቹን ወደኔ ጓዳ አስገቢ። አንዱን ብቻ ተዪ። ልጆቹንም ወደ ቤት ላኪያቸው።"

"ለምን ጋሼ?"

"ስታድጊ ይገባሻል። ሁለት መቶ በይ። እነሱ አራት መቶ ይጽፋሉ። እነሱም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።"

አደረገችው። አልዋሽላትም ወገኖቼ፣ አደረገችው። ሦስት መኪና በጋሽ ዳንጊሶ ጓዳ፣ ሁለት ሴቶች በኋላ በር። ገማቾቹ ገቡ። "በቀን ስንት?" አሏት። "ሁለት መቶ" አለች። አንገቷን ደፍታ። እነሱም አራት መቶ ጻፉ። በዚያን ጊዜ በቀን ስምንት መቶ ታስገባ ነበር።

ሄዱ። መኪኖቹ ተመለሱ፤ ዘርፌና ዳመነችም ተመለሱ። ዘርፌ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ክር ልታስገባ መርፌውን ጎንበስ ብላ ስታይ፣ ቀና ሳትል አንድ ነገር ተናገረች።

"ብዙዬ፣ ዛሬ እኛ የለንም ማለት ነው?"

ብዙነሽ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

"አይ፣ አልተቀየምኩም" አለች ዘርፌ። "ብቻ ፋብሪካ ሳለን ኮሌታ ስንሰፋ እንኳ ይቆጥሩን ነበር።"

ብዙነሽ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ያፈረችው ከገማቾቹ አይደለም፣ ከዘርፌ ነው ያፈረችው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዓመቱ ገደማ አንድ ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማች። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሱቅ በእግሩ የሚያቆም ሥራ ነው። የሰፋችውን ናሙና ይዛ ሄደች። ናሙናውን አገላብጠው አዩት፣ ወደዱት። ከዚያ ወረቀቷን ጠየቁ። ንግድ ፈቃዷን ሰጠች፣ የግብር ወረቀቷን ሰጠች።

ግዥውን የያዘው ሰው ወረቀቱን አነበበና መነጽሩን አወለቀ። "እህቴ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን በቀን አራት መቶ ብር የሚሸጥ ሰው ሦስት መቶ ዩኒፎርም በሁለት ወር እንዴት ያደርሳል?"

"አራት መኪና አለኝ። ሦስት ነን።"

"ወረቀትሽ አንድ ነሽ ነው የሚለው።"

ምን ትበል? "ዋሽቼ ነው" ትበል? ናሙናዋን አጣጥፋ ወጣች። ቁጥሩን ያሳነሰችው ራሷ ናት፤ ሰው የነገረችውን አምኖ መለሳት። ለማን ትከሰው?

እና ሁለተኛው የግምት ጊዜ ደረሰ። አዲስ ግምት በግንቦት ይሠራል ተባለ። ብዙነሽ እንደገና እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደብተሯን አወጣች። አሁን ቁጥሩን እነግራችኋለሁ፤ በደንብ ስሙኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቀን በአማካይ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ብር ታስገባለች። በወር ሃያ አምስት ቀን ትሠራለች። ሃያ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ መጣ። የሱቅ ኪራይ አምስት ሺህ። ዘርፌና ዳመነች አራት አራት ሺህ። ክርና ዚፕ፣ ቁልፍና መብራት ሦስት ሺህ። አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ተረፈ።

ከዚያ የሐዋሳ ኑሮ መጣ። ቤት ኪራይ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ምግብ አራት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ። ባጃጅ ዘጠኝ መቶ። ውሃ፣ ከሰል፣ ሳሙና አንድ ሺህ ሁለት መቶ። እድር መቶ። አሥራት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ። ደመረችው፣ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሆነ። በወር ሁለት ሺህ ብር እጇ ላይ ይቀራል። በዓመት ሃያ አራት ሺህ።

ግብሩንም እንደ ጸሐፊው አነጋገር አሰላችው። እውነተኛው ቁጥሯ ከተጻፈ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ይመጣባታል። ትችለዋለች። ቁጥሩ እጥፍ ከተጻፈ ግን ሠላሳ ሺህ ይጠጋል። አትችለውም። ያን ጊዜ ወይ ዘርፌን ታሰናብታለች፣ ወይ ሱቁን ዘግታ ወደ ኮሌታዋ ትመለሳለች።

ገባችሁ? ገማቾች ይጨምራሉ፣ ነጋዴ ስለሚደብቅ። ነጋዴ ይደብቃል፣ ገማቾች ስለሚጨምሩ። መሃል ላይ ደግሞ እውነቱን ሊናገር የፈለገ ሰው አለ። እውነት የሚናገረው ሰው ነው እጥፍ የሚከፍለው።

ጋሽ ዳንጊሶ ይህን ያውቃሉ። ከግምቱ በፊት ባለው ቀን ጠርተው አስቀመጧት።

"ስሚኝ የኔ ልጅ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ነው አልሽኝ? ጥሩ። አምስት መቶ ዘጠና በይ። እነሱ እጥፍ አድርገው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ይጽፋሉ። እውነቱ ተጻፈልሽ፣ ወረቀትሽ አማረ፣ መንግሥትም ድርሻውን አገኘ። ማን ተጎዳ?"

እስቲ መልሱላቸው። ማን ተጎዳ? እኔ ብሆን ተቸግሬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ምክሩ ጥሩ ምክር ነው። በውሸት ሄደሽ እውነቱ ጋ ትደርሻለሽ ነው የሚሏት።

ብዙነሽ አሰበች። ከዚያ "ጋሼ፣ ቁጥሩስ እሺ" አለች። "አምስት መቶ ዘጠና ለማለት ግን ሁለት መኪና መደበቅ አለብኝ። ዘርፌን እንደገና በኋላ በር ላስወጣት ነው?"

"ለግማሽ ቀን እኮ ነው።"

"ለግማሽ ቀንም ቢሆን አለች እኮ ጋሼ። ሰው እያለ የለም አይባልም።"

ጋሽ ዳንጊሶ ተናደዱ። "ሱቅሽ ሲዘጋ ዘርፌ እንጀራ ታበላሻለች?" ብለው ተነሡ። የተናደዱትም ለሷ አዝነው ነው።

በማግስቱ ስልኩ ተደወለ። "እንግዶች መጡ።" መንገዱ መደኽየት ጀመረ። በር ሲንኳኳ፣ ሣጥን ሲጎተት ይሰማል። ብዙነሽ ደግሞ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አራቱን መኪና እየጎተተች በሩ ጋ ደረደረች፤ ከመንገዱ ላይ እንዲታዩ። ዘርፌ አንዱ ላይ፣ ዳመነች አንዱ ላይ፣ እሷ አንዱ ላይ። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ራሷ የሰፋችውን፣ ከኮሌታው እስከ ጫፉ።  ደፋር ነበረች ብዬ አላታልላችሁም፤ ፈርታለች።

ሦስት ገማቾች መጡ። አለቃቸው አቶ ሌጋሞ የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ መንገድ ሲሄዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሰው ሲዋሽ ሲሰሙ ኖረዋል።

"በቀን ስንት ትሸጫለሽ?"

"አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ።"

አቶ ሌጋሞ እስክሪብቷቸውን አቆሙ። ዞር ብለው ባልደረቦቻቸውን አዩ። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ "በአፏ ይህን ያህል ካለች፣ እውነቱ ስንት ሊሆን ነው?" አለ። ሰማችው። ሱቁ ጠባብ ነው።

"ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ብንለውስ?" አሉ አቶ ሌጋሞ። ክፋት የለባቸውም። ልማድ ነው።

ብዙነሽ ደብተሯን ሰጠቻቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱላት። "ደብተር ማንም ይጽፋል እህቴ።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለው ይቁጠሩ" አለች። "ወንበር አለ። ጠዋት ነው፣ ሦስት ሰዓት ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚገባውንም የሚወጣውንም ይዩ።"

አቶ ሌጋሞ ሳቁ። ሰው ሁልጊዜ ቶሎ ውጡልን ሲላቸው ነው የኖሩት፤ ቁጭ በሉ ያላቸው የለም። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ወንበሩን አዩት። ባልደረቦቻቸውን "እናንተ ቀጥሉ" ብለው ላኩና ቁጭ አሉ።

ሱሪ ማሳጠር መጣ። ዚፕ መቀየር መጣ። የሚዜ ቀሚስ ቀብድ መጣ። አንድ ሰውዬ ኮቱን ወስዶ "ሐሙስ ብሩን እሰጥሻለሁ" ብሎ ሄደ፤ አቶ ሌጋሞ ይህንንም ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው ድርሽ አላለም። ዘርፌ ለአቶ ሌጋሞ ሻይ አስመጣችላቸው። ሻዩን ጠጡና ሒሳቡን ከኪሳቸው ከፈሉ።

ዝናቡ ሲያባራ አንዲት ወይዘሮ የሦስት መስኮት መጋረጃ ጨርቅ ተሸክመው መጡ። የሦስት መቶ ብር ሥራ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ ኮታቸውን ለብሰው በዚያ ወበቅ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ከአቶ ሌጋሞ ጀርባ ሆነው በእጃቸው ምልክት ሰጧት፦ ነገ ትምጣ በያት፣ ነገ።

ብዙነሽ ምልክቱን አየችው። ከዚያ ወደ ወይዘሮዋ ዞራ "ይግቡ እትዬ፣ ቀብዱን ዛሬ መክፈል ይችላሉ" አለቻቸው። ወይዘሮዋ ሙሉውን ከፈሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አቶ ሌጋሞ ደመሩ። እንደገና ደመሩ። መንገዱ ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ሥራ የፈታ መስሎ ብዙነሽ በር ላይ ተሰብስቧል።

"ዘጠኝ መቶ አርባ" አሉ አቶ ሌጋሞ። ቀና ብለው አዩአት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። "ልጄ፣ ይህን ነው የምጽፍልሽ። ዘጠኝ መቶ አርባ። ዓይኔ ያየው ነው፣ ማንም አይከራከረኝም።"

ወገኖቼ፣ በነጻ የመጣ ነገር ነው። ማንም አልዋሸም። እሷ አልደበቀችም፣ እሳቸው አልጨመሩም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት። እናንተ ብትሆኑ ዝም አትሉም ነበር? እኔ እላለሁ። ዝም ብዬ ብቻ አልቀርም፣ እሑድ መጥቼ ምስክርነት እሰጥበታለሁ።

ብዙነሽ ዘርፌን አየች፣ ዳመነችን አየች።

"የለም" አለቻቸው አቶ ሌጋሞን። "ዛሬ ረቡዕ ነው። ዝናብም ዘንቧል። ቅዳሜ ቢመጡ አሥራ አምስት መቶ ያገኛሉ። የኔ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ነው።"

"ሲቀንሱለት እምቢ የሚል ሰው ዛሬ አየሁ።"

"ዘጠኝ መቶ አርባ ካሉ ከኛ አንዷ የለችም ማለት ነው። ሦስታችንም አለን። እንዳለን ይጻፉን።"

አቶ ሌጋሞ እስክሪብቷቸውን አነሡ። ከዚያ ጻፉ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ። ወረቀቱን ሲያስፈርሟት ተነሥተው ቆመው ነው ያስፈረሟት፤ እሷም ቆማ ፈረመች።

ይህን ስሰማ ኮራሁ። ኩራት ኃጢአት አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምላችሁ ሌላውን ሰው ዝቅ የሚያደርገው ኩራት ኃጢአት ነው። ይህ ግን ዘርፌን ከኋላ በር ወደ ፊት በር ያመጣ ኩራት ነው። እንዲህ ያለውን አብዛልን እላለሁ።

አቶ ሌጋሞ ከዚያ የት ሄዱ? ወደሚቀጥለው በር። ጋሽ ዳንጊሶ ጋ። ጋሽ ዳንጊሶ በኮታቸው ውስጥ ላብ በላብ ሆነው "ሦስት መቶ" አሉ። አቶ ሌጋሞም ቁልቁል ኮቱን አይተው፣ አንድ ጫማ ሳያነሡ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ፣ ስድስት መቶ ብለው ጽፈው ሄዱ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር፤ ጋሽ ዳንጊሶ ሁልጊዜ በዚህ ይደሰቱ ነበር። ያን ቀን ግን አልተደሰቱም። እሷን ሙሉ ቀን ቁጭ ብለው ቆጠሩላት። እሳቸውን ግን ማንም አልቆጠራቸውም። አርባ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው፤ በአንድ ኮት ተመዝነው ቀሩ።

ሐምሌ ላይ ብዙነሽ ተሰልፋ ግብሯን ከፈለች። ብሩን በእጇ ቆጥራ፣ በመስኮቱ አስገብታ። ደረሰኙን ተቀበለች፤ ስሟ ከነአባቷ ተጽፎበታል። ያን ደረሰኝ መስታወት አስገብታ ከንግድ ፈቃዷ አጠገብ ሰቀለችው። ዘርፌ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ዳመነች ድገሚው አለቻት፤ ደገመችው።

ዩኒፎርሙስ? ትጠይቁኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ግማሹን አገኘች፣ መቶ ሃምሳውን። ግማሹን ለሌላ ሰጡት። እኔ ግን ይህን ታሪክ ለዩኒፎርሙ ብዬ አልነገርኳችሁም። ባታገኝም ኖሮ እነግራችሁ ነበር።

የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ሐምሌ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ጋሽ ዳንጊሶ ፌስታል ይዘው ወደ ሱቋ ገቡ። ከፌስታሉ ኮቱን አወጡና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

"ስፊልኝ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የግምት ኮትዎ ነው።"

"ምን እንደሆነ አጣሁት? ስፊልኝ አልኩሽ።"

ክርኑን ሰፋችው። ኪሱን መለሰችው። ገበሩን ቀየረችው። በተቀጠሩበት ቀን መጡ፣ ለበሱት፣ መስታወቱ ፊት ቆመው ትከሻቸውን አስተካከሉ። "ስንት ነው?" አሏት። "መቶ ሃያ።" ሳይከራከሩ ከፈሉ። ጋሽ ዳንጊሶ ሳይከራከሩ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው ዞሩ።

"ደብተርሽ ላይ ጻፊው" አሏት። "እንዳትረሺው።"

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ግብራችሁን አልጠይቃችሁም፤ እሱን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው።

የግምት ኮታችሁ የት ነው የተሰቀለው?

ኮቷ አለቻችሁ እኮ። ሃያ ዓመት ያስተማርክ መምህር "ሕጻናቱን ማን ያስተምርልናል?" ስንል "እኔ ምን አውቃለሁ" ትላለህ። ያቺ ኮት ናት። ድምፅ ያለሽ እህት "ማን ይዘምርልን?" ሲባል ጉሮሮሽን ትይዣለሽ። ያቺ ኮት ናት። ሰው ችግር ላይ ወድቆ በርህን ሲያንኳኳ ግማሹን በር ዘግተህ "ጊዜው እኮ ከብዷል" ትላለህ። ያቺ ኮት ናት። ይህን ሁሉ ትሕትና እንለዋለን። ትሕትና አይደለም ወገኖቼ፣ መኪና ጓዳ ማስገባት ነው። በላስቲክ ሸፍነን ያኖርነው ቅዳጅ ነው።

ደግሞ አንተ ባል የሆንከው ስማኝ። ሱቁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ከጎንህ የቆመችው ማን ናት? ሒሳቡን የምትይዘው፣ ዕቃ የምታስመጣው፣ ደንበኛ የምታባብለው ማን ናት? ሰው "ባለቤትህ ምን ትሠራለች?" ሲልህ ምን አልክ? "ምንም፣ ቤት ናት" አላልክም? ዘርፌን የት ደበቅካት? በየትኛው በር አስወጣሃት? ዛሬ ቤትህ ስትገባ "የለሁም ማለት ነው?" ብላ ብትጠይቅህ መልስህ ምንድን ነው?

እግዚአብሔር የሰጣችሁን ቁጠሩት። ቁጭ ብላችሁ፣ ደብተር አውጥታችሁ። ባላችሁ ላይ አትጨምሩ፣ ካላችሁም አትቀንሱ። ቀንሰው ሊጽፉላችሁ ሲሉ እንኳ "ዛሬ ረቡዕ ነው" በሉ። እሱ ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ሊቆጥራችሁ ይፈልጋል፤ እናንተ ግን ኮት ለብሳችሁ በር ላይ ትቆማላችሁ፣ ጌታም ኮታችሁን ብቻ አይቶ እንዲያልፍ ትፈልጋላችሁ።

ነገ ጠዋት ከምስማሩ አውርዷት። አትጣሏት፣ ጨርቁ ገና ደህና ነው። አሰፏት። ክርኗ ሲጠገን፣ ኪሷ ሲመለስ ለእሑድ የምትሆን ኮት ናት። ጋሽ ዳንጊሶ አሁን በየእሑዱ ለብሰዋት ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ትከሻቸውን ቀና አድርገው።

"ማን አለ?" የተባለ ቀን ደግሞ ከጓዳ አትመልሱ። ወደ በሩ ውጡ፣ አጠገባችሁ ያለውንም ሰው እጁን ይዛችሁ አውጡት፣ "ሁላችንም አለን፣ እንዳለን ይጻፉን" በሉ።